ቀለበት ፍለጋ በዴይራ ወርቅ ተራ

በቤተ ክርስቲያናችን የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ከሚወስዱት ወጣቶች መካከል ዛሬ ዛሬ ብዙዎቹ ወይ ከአገር ለመውጣት የተነሱ ናቸው፣ ወይ ደግሞ እጮኛቸው በሰው አገር የሚሠራ ነው። ትምህርቱ አልቆ መጋቢው መጽሐፍ ቅዱሱን ሲዘጋ፣ ቀረት ብለው ለእኔ የሚያነሷት አንዲት ጥያቄ አለች፤ "ቀለበቱን እንዴት እናድርገው?" የምትል። ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን የቤት ኪራይ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የቪዛ ክፍያ፣ የወላጅ ክብርና የሰው አፍ ሁሉ በእርሷ ውስጥ ተቋጥረው ይገኛሉ።

እንግዲህ ይህችን ጥያቄ ይዘን አብረን የምንሄድበት አንድ ስፍራ አለ። ስፍራው በዱባይ ከተማ፣ በዴይራ ሰፈር የሚገኘው የወርቅ ገበያ ነው። እኔ በእኛው አጠራር ወርቅ ተራ ብዬዋለሁ። ብዙ ሰው ይህን ገበያ የሚያስበው እንደ ሀብታም መዝናኛ ነው። አቅሙን አውቆ ለሚገዛ ሰው ግን ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

በአንድ ድርሃም ጀልባ

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ባለቤቴ በዱባይ ያሉ ምዕመናን ጋብዘውት ለአገልግሎት ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። በእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ አሁን በዚያ በሾፌርነት የሚሠራ አንድ ወንድም ለገና አዲስ አበባ መጥቶ ቀለበት ሊያስር ቀን ተቆርጦለት ነበር። ከጉባኤው በኋላ ጠጋ ብሎ፣ "እትዬ፣ እኔ የሴት ቀለበት አላውቅም። አብረውኝ ይሂዱና ይምረጡልኝ" አለኝ። በማግሥቱ ሄድን።

ወደ ዴይራ በታክሲም በሜትሮም መሄድ ይቻላል። እኛ ግን ከቡር ዱባይ ወገን አብራ በሚባለው የእንጨት ጀልባ ተሻገርን። አሮጌውን ከተማ ለሁለት የሚከፍለውን፣ ክሪክ የሚሉትን የባሕር ውኃ ለመሻገር በሰው አንድ ድርሃም ብቻ ይከፈላል። ሰማይ ጠቀስ ፎቅ በሞላበት ከተማ ይህን የሚያህል ርካሽ ነገር መኖሩ አስገረመኝ። በጀልባዋ ላይ ከጎናችን የተቀመጡት ሕንዶች፣ ፓኪስታኖችና ፊሊፒኖች ነበሩ፤ እንደ እኛው ልጅ ወር ቆጥረው ወደ አገራቸው ገንዘብ የሚልኩ ሠራተኞች።

ከጀልባው ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የቅመም ገበያው ነው። ሄሉ፣ ቅርንፉዱና ዕጣኑ በአፍ በአፉ ተከፍቶ ተደርድሯል፤ መርካቶ የገባችሁ ይመስላችኋል። ትንሽ እንደተራመዳችሁ ከላይ በእንጨት ጣሪያ የተሸፈነው ወርቅ ተራ ይጀምራል። ግራና ቀኝ ያለው መስኮት ሁሉ ቢጫ ነው። በመንገዱ መሐል "ሰዓት፣ ቦርሳ" እያሉ ጎተት የሚያደርጓችሁ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የሚያሻሽጡ ናቸውና ዝም ብላችሁ እለፉ። በአንዱ መስኮት ናጅማት ተይባ የሚባለውን ቀለበት አየን። ወርቁ 21 ካራት ሲሆን ክብደቱ 64 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ በጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብም የዓለም ትልቁ የወርቅ ቀለበት ተብሎ ተመዝግቧል። ሰው ሁሉ አጠገቡ እየቆመ ፎቶ ይነሳል፤ በጣቱ የሚያደርገው ግን የለም።

ወርቁ ይመዘናል፣ የእጅ ዋጋው ያከራክራል

በዚህ ገበያ የመጀመሪያው ትምህርት የወርቁ ዋጋ የተሰወረ አለመሆኑ ነው። የዕለቱ ዋጋ በግራምና በካራት ተለይቶ በሰሌዳ ላይ ይታያል። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው፤ ሌሎቹ እንዲጠነክሩ እንደ መዳብና ብር ካሉ ማዕድናት ጋር የተቀላቀሉ ናቸው። ከሺህ እጅ 22 ካራት 916፣ 21 ካራት 875፣ 18 ካራት ደግሞ 750 እጅ ወርቅ አለው። እነዚህ ቁጥሮች በቀለበቱ የውስጥ ገጽ ላይ በጥቃቅን ማህተም ይቀረጻሉ። 750 የሚል ካያችሁ 18 ካራት መሆኑን ዕወቁ።

እኛ በሄድንበት ሰሞን የወርቅ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ አውንስ ከ4,000 ዶላር አልፎ ነበር። አንድ የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነው። አንድ ዶላር ደግሞ 3.67 ድርሃም ገደማ ነው፤ ይህ ምንዛሪ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ እንደጸና ነው። ስለዚህ አውንሱን በ4,000 ዶላር ብታሰሉት 24 ካራት በግራም ወደ 472 ድርሃም፣ 22 ካራት ወደ 433፣ 18 ካራት ወደ 354 ይመጣል። ዋጋው በየዕለቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል እናንተ በምትገዙበት ቀን ሰሌዳውን ማየት ነው።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አውንሱ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። በአገራችን ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከዚያም በኋላ መጨመሩን አላቆመም። ሁለቱን ጭማሪዎች ስታባዟቸው በብር ለሚቆጥብ ልጅ ያው ቀለበት ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከአራት እጥፍ በላይ ተወደደበት ማለት ነው። በእኛ ዘመን እናቶቻችን ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብተው በገዙበት ሂሳብ የዛሬውን ሙሽራ መመዘን አግባብ አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት የእጅ ዋጋ ነው። ሻጩ ቀለበቱን በፊታችሁ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። ክብደቱን በዕለቱ ዋጋ ካባዛ በኋላ ለሠራተኛው ድካም በግራም ይህን ያህል ብሎ ይጨምራል። ወርቁ ላይ ብትከራከሩ አይቀንስም። የእጅ ዋጋው ላይ ግን መከራከር የገበያው ልማድ ነው፤ ማንም አይቀየማችሁም። ጌጡ ሲበዛ የእጅ ዋጋው ይበዛል፤ ልሙጥ ከሆነ ያንሳል። በመጨረሻ በጠቅላላው ላይ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል፤ ይህ ታክስ በዚያ አገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ባለ ፈርጥ ቀለበት ነው። ልጃችን ዓይኑ ያረፈው በጥቃቅን አልማዞች በተከበበ የ18 ካራት ቀለበት ላይ ነበር። ሻጩ በቀጥታ "4,900 ድርሃም" አለ። ይህ ዓይነቱ ቀለበት በፍሬ እንጂ በግራም አይሸጥም። "እባክህ መዝንልን" አልኩት። ፈርጡን ጨምሮ 4 ግራም ሆነ። ሁሉም ወርቅ ነው ብንል እንኳ 1,416 ድርሃም ነው። የቀረው ከሦስት ሺህ በላይ የሆነው ገንዘብ ለፈርጡ፣ ለእጅና ለሱቁ የሚከፈል ነበር።

ችግር ቢመጣስ?

"ታዲያ አልማዝም እኮ ሀብት ነው" የሚል ይኖራል። በዚያው በዴይራ የምትኖር አንዲት እህት ያጫወተችኝን ልንገራችሁ። እጮኛዋ እ.ኤ.አ. በ2022 ከጓደኞቹ ጋር የገባበትን እቁብ አስቀድሞ ወስዶ በ3,800 ድርሃም ባለ ፈርጥ ቀለበት ገዛላት። በተጋቡ በስምንተኛው ወር እሱ ከሥራ ወጣ፤ እቁቡ ግን መከፈል ነበረበት። ቀለበቱን ይዛ ወርቅ ቤት ስትሄድ ገዢው መዝኖ የወርቁን ብቻ አሰበላት። ፈርጡን አልቆጠረውም፤ የእጅ ዋጋውንም አልቆጠረውም። ከ600 ድርሃም በታች ይዛ ተመለሰች። "ገንዘቡ አይደለም ያቃጠለኝ" አለችኝ፤ "ስምንት ወር ሙሉ እሱ በዕዳ ሲጨነቅ እኔ ቀለበቴን ለሰው ሳሳይ መክረሜ ነው።"

ልብ በሉ፤ ወርቁ አልከዳትም። ወርቅ ሲሸጥም በሚዛን ነው። የጠፋው ለጌጡና ለመታያው የተከፈለው ነው። በሰው አገር ኑሮ ለሚጀምሩ ሁለት ሰዎች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በአገር ቤት ቢቸግር ጎረቤት አለ፣ አጎት አለ፣ የማኅበር ሰው አለ። በሰው አገር ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት የምትሻገሩት በእጃችሁ ባለው ነው።

አሥራ ሦስት ሺህ ድርሃም

ከሱቁ ወጥተን ሻይ ቤት ተቀመጥንና "ልጄ፣ ጠቅላላ ያለህ ስንት ነው?" አልኩት። ጥቂት አቀርቅሮ፣ "13,000 ድርሃም" አለኝ። ወረቀት አውጥተን ጻፍን።

የሚኖረው ከሌሎች አምስት ወንዶች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ቤድ ስፔስ በሚሉት የአልጋ ኪራይ ነበር። ሚስት ይዞ እዚያ አይገባም። ኪራዩ ረከስ በሚለው በሻርጃ በዓመት 24,000 ድርሃም የሚከራይ አንድ ክፍል ቤት አይቷል። በዚያ አገር የዓመቱ ኪራይ ተከፋፍሎ በቼክ ይከፈላል። በስድስት ቼክ ቢስማማ የመጀመሪያው 4,000 ነው፤ መያዣው 1,200፣ የደላላው 1,200። ድምሩ 6,400 ሆነ። ለጋብቻ ሰነድ ማረጋገጫ፣ ለቪዛዋ፣ ለጤና ምርመራና ለመታወቂያ 4,000 ያዝን። ለቲኬቷ 1,000። በአገሩ ደንብ ሚስቱን የሚያስመጣ ሠራተኛ ደመወዙ ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ሆኖ አሠሪው መኖሪያ የሚሰጠው መሆን አለበት። የእሱ 4,200 ስለሆነ በጭንቅ ያልፋል። እንግዲህ ከ13,000 ላይ 11,400 ሲነሳ ለቀለበት የቀረው 1,600 ነው። ባለ ፈርጡን ቢገዛ ግን የጎደለው ከቤቱ ላይ ይነሳል።

"ለእሷ ነግረሃታል?" አልኩት።

"እትዬ፣ ወንድ ልጅ እንዴት ለእጮኛው ገንዘብ አነሰኝ ይላል? ዘመዶቿስ ዱባይ እየኖረ ይቺን አመጣ አይሉም?" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "የምኖረው ቤድ ስፔስ መሆኑንም አታውቅም" አለ።

ውድ አንባቢያን፣ የነገሩ ሥር እዚህ ጋ ነበር። ቀለበቱ ውድ እንዲሆን የተፈለገው ያልተነገረውን ነገር እንዲሸፍን ነው። እዚያው እያለሁ እንዲደውልላት ነገርኩትና ራቅ ብዬ ቆምኩ። ብዙ ተነጋገሩ። ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል፤ ፊቱ ግን ቀለል ብሎታል። ያለችውን ነገረኝ፦ "እኔ የፈራሁት ስለ ቀለበቱ አልነበረም። የት እንደምንኖር ልጠይቅህ ስንት ቀን አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። አንተ ስለ ቤት ስጠይቅህ ወሬ ትቀይራለህ።" ከዚያም ለጋብቻውም እንዲያገለግል ልሙጥ ቀለበት እንዲገዛ፣ እሷ በእጇ የምትሠራ ስለሆነች የማያስቸግር ይሁን ብላ መረጠች።

የርብቃ ቀለበት

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ዘፍጥረት 24ን ብዙ ጊዜ አጥንቼዋለሁ። በወርቅ ተራ ቆሜ ሳስበው ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። የአብርሃም ሎሌ አሥር ግመል አስከትሎ ወደ ሩቅ አገር ሄደ። ጌታው ባለጸጋ ነበር። ለርብቃ የሰጣት የወርቅ ቀለበት ግን ግማሽ ሰቅል ይመዝን እንደነበር ተጽፎልናል (ዘፍ. 24፡22)። ሰቅል በዚያን ዘመን ክብደት መለኪያ ነው፤ ግማሹ ከ6 ግራም ያነሰ ነው። ቁጥር 47 እንደሚነግረን ደግሞ ቀለበቱ የአፍንጫ ነበር። አምባሮቹ ከብደው ሳለ ቀለበቷ ቀላል ናት፤ ክብደቷም ሳይደበቅ ተነገረ።

ምዕራፉን ወረድ ብላችሁ ስታነቡ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛ፣ ሎሌው ወንድሟንና እናቷን አልረሳም፤ ለእነርሱም ስጦታ ሰጠ (ቁ. 53)። ሁለተኛ፣ ከአገሯ የምትወጣው እርሷ ስለሆነች ቤተሰቦቿ ራሷን ጠርተው ፈቃዷን ጠየቁ (ቁ. 57-58)። ሚዛኑ ግልጽ፣ ወላጅ የተከበረ፣ ሙሽራይቱም የተጠየቀች ነበረች። ለዛሬዎቹ ስደተኛ ሙሽሮች ከዚህ የሚበልጥ ምክር አላውቅም።

አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና አንድ

ወደ ወርቅ ተራ ተመለስን። አምስት ሱቅ ዞርን፤ መዞር አያስከፍልም። በመጨረሻ 3.2 ግራም የሚመዝን ልሙጥ የ18 ካራት ቀለበት አገኘን። 18 ካራት የመረጥነው ከ22 ካራት ስለሚጠነክር፣ በየቀኑ ለሚሠራበት እጅ ስለሚሻልና ስለሚረክስም ነው። ወርቁ 1,133 ድርሃም መጣ። የእጅ ዋጋውን በግራም 90 ብሎ ጀመረ፤ ልጃችን በዓረብኛ፣ እኔ በፈገግታ ተከራክረን በ60 ተስማማን፤ 192 ሆነ። ከታክሱ ጋር 1,391 ድርሃም።

ሻጩ በዚህ ጊዜ ወደ እኔ ዞረና ፓስፖርቴን ጠየቀ። ለቱሪስት ከ250 ድርሃም ጀምሮ ለሚገዛ ዕቃ አብዛኛው ታክስ አየር ማረፊያ ላይ የሚመለስበት አሠራር አለ፤ በእኔ ስም ቢጻፍ ሊመለስልን ነው። አሠራሩ ግን ራሱ ገዝቶ ይዞ ለሚወጣ እንግዳ የተደረገ ነው። ቀለበቱን የገዛው የአገሩ ነዋሪ ነው፤ ይዞት የሚሄደውም እርሱ ነው። ልጃችን ሳልናገር ቀድሞ፣ "በስሜ ጻፈው" አለ። ያ ለእሱ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። እኔ ግን ያን ቀን ከቀለበቱ ይልቅ በዚህች ቃል ደስ አለኝ። በእጁ በቀረው 209 ድርሃም ለእጮኛው እናት ሻርፕና ከቅመም ገበያው ሄል ገዝቶ በጀልባ ተመለስን።

በገና ሰሞን የቀለበቱ ፕሮግራም በልጅቷ ቤት ተደረገ። እንደተፈራው አጎቷ ቀለበቱን አገላብጠው አይተው፣ "ዱባይ ወርቅ አለቀ እንዴ?" አሉ። ሰው ሳቀ፤ ልጃችን ቀላ። ልጅቷ ግን እጇን ሳትሰበስብ፣ "አላለቀም ጋሼ፤ የቀረው ቤት ተከራይቶበታል" አለች። አጎትየው ራሳቸው ቀድመው አጨበጨቡ። እናቷም ሻርፑን ደርበው አመሹ።

እናንተም ስትገዙ

እንግዲህ የምትጋቡ ልጆቼ፣ ወደ ውጭ ለመሄድ ስትነሱ ሂሳቡን ከቤቱ ጀምሩ። ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ኪሣራውን እንዲቆጥር ጌታችን አስተምሯል (ሉቃ. 14፡28)። ኪራዩን፣ ቲኬቱን፣ የሰነዱን ክፍያና ቢያንስ የአንድ ወር ቀለብ አስቀምጡ፤ ቀለበቱ ከቀረው ይገዛ። በእቁብና በብድር አትግዙት። ዋጋውን ሁለታችሁም ዕወቁት። በፊታችሁ ይመዘን፣ ማህተሙን እዩ፣ ክብደቱ፣ ካራቱና የእጅ ዋጋው ተለይተው የተጻፉበትን ደረሰኝ ተቀብላችሁ አስቀምጡ። የጣቷን ልክ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሲጠብም ሲሰፋም ሌላ የእጅ ዋጋ አለውና። ፈርጥ የምትወዱም ብትሆኑ ኃጢአት አይደለም፤ ኑሯችሁ ሲረጋ፣ በዓመታችሁም በአምስት ዓመታችሁም ትገዙታላችሁ።

ወላጆችና ዘመዶችም ሆይ፣ ልጆቻችን በሰው አገር የሚተኙበትን ሳንጠይቅ የቀለበታቸውን ውፍረት አንለካ። የእኛ አንዲት የቀልድ ቃል አንዱን ወጣት ዕዳ ውስጥ ልትከተው ትችላለች። ይልቁን "ቤት አግኝታችኋል ወይ?" ብለን እንጠይቅ፤ ከቻልን ለኪራዩ እንርዳቸው።

ጌታ በየሄዱበት ቤታቸውን ይሥራ።